ስታዲየም ስትገቡ መጀመሪያ ፀሐይዋን እዩ

ወልድያ ስታዲየምም ሆነ ደሴ ሆጤ ስታዲየም ኳስ ልታዩ ከሄዳችሁ፣ ወንበር ከመያዛችሁ በፊት ፀሐይዋ የት እንዳለች እዩ። የከሰዓት ጨዋታ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ከጀመረ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ስለዚህ ምዕራብ በኩል ተቀመጡ፤ ጀርባችሁን ትመታለች እንጂ ዓይናችሁ ውስጥ አትገባም። ማዶ የተቀመጠው ወገናችን ግን እጁን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ነው የሚያየው።

ቀጥሎ ከፍታ ነው። ብዙ ሰው ፊት ለመቀመጥ ይጋፋል። ከዚያ የተጫዋቹን ላብ ታያላችሁ፣ ጨዋታውን ግን አታዩም። ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ይደራረብባችኋል። ከመሀል መስመሩ ትይዩ፣ ከደረጃው ወገብ በላይ ያሉት ረድፎች ላይ ውጡ። ተከላካዮቹ እንዴት እንደሚሰለፉ፣ የትኛው ክንፍ ባዶ እንደሆነ፣ ኦፍሳይዱም ጭምር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከጎል ጀርባ? ለጭፈራ አንደኛ ነው። ሜዳው 105 ሜትር ያህል ስለሚረዝም ግን ማዶ የገባውን ጎል በጩኸት ነው የምታውቁት።

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ መውጫው አጠገብ ሁኑ። ደሴ ላይ ደግሞ ጃኬት ወይም ጋቢ ያዙ፤ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ እንደገባች ብርዱ ቀልድ አያውቅም።