ስደተኞችን ልንረዳ ስንሄድ የምንሳሳተው የት ነው?

ሰሞኑን የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋምቤላ ወዳሉት የስደተኞች ካምፖች ሄደን ነጻ ሕክምና ልንሰጥ ነው፣ ምን ይዘን እንሂድ ብለው ጠየቁኝ። በጣም ደስ አለኝ። ግን ከዕቃው በፊት ማውራት ያለብን ብዙ ነገር አለ፤ አንዳንዱን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁና።

ትልቁ ስህተት አንድ ቀን አክሞ መመለስ ነው። አንድ ጊዜ እኔ የነበርኩበት ቡድን ጋ አንዲት ደቡብ ሱዳናዊት እናት መጡ። የደም ግፊታቸው ሲለካ በጣም ከፍ ብሏል። የሠላሳ ቀን መድኃኒት ሰጠናቸው፣ መርቀውን ሄዱ። ከወራት በኋላ ስንመለስ ባዶውን የኪኒን ማሸጊያ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውልን መጡ፤ አንድም ሳላስቀር ጨርሻለሁ ብለው ነው የሚያሳዩን። ከዚያ ወዲህ ምንም አልወሰዱም፣ ግፊታቸውም እንደነበረው ነው። የግፊት መድኃኒት በየቀኑ እንደሚወሰድና ሲያልቅ የት ሄደው እንደሚቀበሉ ማንም አልነገራቸውም። ካምፑ ውስጥ ጤና ጣቢያ አለ፤ እኛ ግን እዚያ ካርድ እንዲወጣላቸው እንኳ አላደረግንም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ከጤና ጣቢያው ሰዎች ጋር ተነጋገሩ፣ ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎትም ፈቃድ ያዙ። ጤና ጣቢያው ሊቀጥለው የሚችለውን መድኃኒት ብቻ ስጡ፣ የሰጣችሁትንም በሕመምተኛው ካርድ ላይ ጻፉ።

ከየቤቱ የተረፈ መድኃኒት መሰብሰብም ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በእርዳታ የሚላክ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊቀረው ይገባል ይላል። ለእናታችን የማንሰጠውን ለእነሱም አንስጥ።

አስተርጓሚ ሲጠፋ ደግሞ ልጅ እንጠራለን። ይሄንን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ሴት ኑዌርኛ ብቻ ነው የምትናገረው፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ በእንግሊዝኛ ያስተረጉምላታል። ብዙ አወራችው፣ ልጁ መሬት መሬቱን እያየ “ሆዷን ነው” አለ። አበቃ። በኋላ አንዲት ሴት አዋላጅ ለብቻዋ አስገብታ ስታናግራት ለሳምንታት ደም ሲፈሳት እንደቆየ ታወቀ። ያን ነገር እንዴት በልጇ አፍ ትናገረው? ከስደተኞቹ መካከል የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች አሉ። ከነሱ አንዷን ሴት ጠይቁ፣ የቀን አበሏንም ክፈሏት።

ትምህርት ላይ የምንሳሳተው ቦርሳና ደብተር አከፋፍለን ሥራው ያለቀ ሲመስለን ነው። ደብተሩ ይጠቅማል፣ አትውሰዱ አልልም። ግን ከመቶ በላይ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ የጎደለው አስተማሪ ነው። ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው የሚያስተምሩት ወጣቶች የሚከፈላቸው “ማበረታቻ” ከመደበኛ መምህር ደመወዝ በብዙ ያነሰ ስለሆነ ሌላ ሥራ ሲያገኙ ይሄዳሉ። የአንድ ቀን የስጦታ ገንዘብ ለአንድ መምህር ሥልጠና ቢውል ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ይታያል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽን በካምፖች ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሲያስተዳድር ቆይቷል። በ1980 እ.ኤ.አ. ኢየሱሳውያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር አለቃ በነበሩት በአባ ፔድሮ አሩፔ የተመሠረተው የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎትም አዲስ አበባ ላሉ ስደተኞች ቋንቋና ኮምፒውተር ሲያስተምር ዓመታት ቆጥሯል። አዲስ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ።

አንዳንድ ቡድን መጀመሪያ ስብከት፣ ከዚያ የሕክምና ወረፋ ያደርጋል። ይሄ ያሳዝነኛል። የታመመ ልጅ ያቀፈች እናት ስብከቱን ትሰማለች፣ ምን ምርጫ አላት? ዶሎ አዶ አካባቢ ያሉት ሶማሌዎች ሙስሊሞች ናቸው። ጋምቤላ ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ ክርስቲያን ናቸው፤ ካምፑ ውስጥ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ያመልካሉ። እሑድ ከነሱ ጋር አብራችሁ ጸልዩ። ሕክምናው ግን ለመጣ ሁሉ ይሁን።

ፎቶ ደግሞ አለ። የሕፃን ልጅ ፊት ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አይለጠፍም፤ ከሸሿቸው ሰዎች መካከል ማን ፎቶውን ሊያይ እንደሚችል አናውቅም። “ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ” ተብለናል እኮ።

የአካባቢውንም ሰው አትርሱ። ከካምፑ ውጪ ያለችው እናትም ያው ወባ ነው የሚይዛት፣ ልጇም ያው ደብተር ነው የሚያጥረው። ወረፋ ላይ ከተገኘች አስተናግዷት።

ልጆቹን መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ጋ ደውሉና ምን እንደጎደለ ጠይቁ አልኳቸው። ትናንት ደውለው ነበር። የተባሉት የግፊት መለኪያ፣ የሕመምተኛ ካርድ እና ለወሊድ ክፍሉ ኑዌርኛ የምትችል አስተርጓሚ ነው። ጉዞውን በሁለት ወር ወደፊት ገፍተው አሁን እሱን እያሰባሰቡ ነው።