ችግር ሲደራረብ በእግዚአብሔር መታመን፦ ከሕዝቅያስ የምንማረው አሠራር

«ለእግዚአብሔር ስጠው» የሚል ምክር ያልሰማ የለም። እንዴት እንደሚሰጥ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። ዕዳው ከደመወዙ ለበለጠበት ወይም የምርመራ ውጤቱ ለከፋበት ሰው «አይዞህ» ብቻውን እንቅልፍ አያመጣም። አሠራሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 እና 19 ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ዓመት ገደማ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም የይሁዳን የተመሸጉ ከተሞች ያዘ። የይሁዳው ንጉሥ ሕዝቅያስ መጀመሪያ በገንዘብ ሊመልሰው ሞከረ። 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ተጠየቀ፤ የቤተ መቅደሱን ደጆች ወርቅ ሳይቀር ገፎ ሰጠ። ጠላት ግን አልተመለሰም፤ እንዲያውም የማስፈራሪያ ደብዳቤ መጣ። ሕዝቅያስ ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጣ፣ በእግዚአብሔርም ፊት ዘረጋው።

መጀመሪያ ይዘርጉት። ወረቀት ያንሡና ችግሩን በቁጥርና በቀን ይጻፉት። «ኑሮ ከበደኝ» አይበቃም፤ «የሦስት ወር የቤት ኪራይ፣ የመጨረሻው ቀን ጥር 30» ይባል። የባንክ ማስጠንቀቂያ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ወይም የላቦራቶሪ ውጤት ካለ እሱኑ ይዘው ሥዕለ አድኅኖ ፊት ወይም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይቁሙ። ያልተጻፈ ችግር በጭንቅላት ውስጥ እየተዟዟረ አንዱ አምስት ይመስላል። ሲጻፍ ግን ብዙ ጊዜ ዋናው ጉዳይ አንድ ወይም ሁለት ሆኖ ይገኛል፤ ሌላው የእሱ ተከታይ ነው።

ከዚያ ይጸልዩ፤ አያስረዝሙት። የሕዝቅያስ ጸሎት አምስት ቁጥር ብቻ ነው (19፥15-19)። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፦ እግዚአብሔር ማን እንደሆነ ይናገራል፣ የአሦር ነገሥታት በእርግጥ አሕዛብን እንዳጠፉ ሳይሸሽግ ያምናል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይለምናል። ብዙ ሰው የሚስተው መካከለኛው ላይ ነው። «ምንም አልሆንኩም» ማለት እምነት ይመስለዋል። ማልቀስና «እስከ መቼ?» ማለት ግን ዳዊትም ያደረገው ነው፤ በግዕዙ ቁጥር 12ኛው፣ በአንዳንድ እትሞች 13ኛው መዝሙር የሚጀምረው በዚሁ ነው። መዝሙረ ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ ሲደገም የሰኞው ከ1 እስከ 30 ነው፤ በድንጋጤ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ይበዛል። ጠዋት አንድ፣ ከመኝታ በፊት አንድ መዝሙር ይበቃል። ዋናው ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው።

ወረቀቱን አሁን መሐል ለመሐል ያስምሩት። በአንድ በኩል «የእኔ ድርሻ»፣ በሌላ በኩል «የእግዚአብሔር ድርሻ»። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ሕዝቅያስ ከጸሎቱ ጋር ሥራም ነበረው፤ ከከተማው ውጭ ያሉትን ምንጮች ደፈነ፣ የፈረሰውን ቅጥር ጠገነ፣ ጋሻ አሠራ (2ኛ ዜና መዋዕል 32)። ውኃ ወደ ከተማ ያስገባበት ዋሻ ዛሬም ኢየሩሳሌም ውስጥ አለ፤ 533 ሜትር ያህል ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። መታመኑ ዶማውን አላስጣለውም።

በራስዎ ድርሻ ሥር የሚገባው ነገ ሊሠራ የሚችል ነገር ብቻ ነው፤ «ነገ 3 ሰዓት ባንክ ሄጄ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልኝ እጠይቃለሁ» እንደሚባለው። «ኃላፊው እሺ ይለኛል?» የሚለው ግን በሌላኛው በኩል ይጻፋል። ሌሊት ሐሳብ ሲቀሰቅስዎት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይጠይቁ። ከእርስዎ ወገን ከሆነ የሚሠራበትን ሰዓት ጽፈው ይተኙ። ካልሆነ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን በመቁጠሪያ ወይም በጣት አንጓ 41 ጊዜ ይበሉ። እየቆጠሩ ሐሳቡ ቢመለስ አይደንግጡ፤ ካቆሙበት ይቀጥሉ።

ብቻዎን አይሸከሙት። ሕዝቅያስ ሹማምንቱን ኤልያቄምንና ሳምናስን፣ የካህናቱንም ሽማግሌዎች ወደ ነቢዩ ኢሳይያስ ልኳል። ለንስሐ አባትዎና ለአንድ የሚታመን ወዳጅ ይንገሩ፤ ለዕድሩ ሁሉ አያውሩት፣ ምክሩ በበዛ ቁጥር ጭንቀቱም ይበዛል። ጠንቋይ ቤት ጎራ ማለት ደግሞ አንድ ጉዳይ ይዞ ወደ ሁለት ጌታ መሄድ ነው።

ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒት ማቆም ትልቁ ስሕተት ነው። ሕዝቅያስ ታሞ ሳለ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ከእግዚአብሔር ተነግሮት ነበር፤ ኢሳይያስ ግን ከዚያ በኋላም የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (20፥5-7)። ሱባኤ መያዝ ያሰበ ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ሕመምተኛ ወይም መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ ሰው ስለ ጾሙ ልክ የንስሐ አባቱንም ሐኪሙንም ይጠይቅ። እንቅልፍ ለብዙ ቀናት ከጠፋ ወይም «ምነው በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ለቤተሰብ ተናግሮ ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም።

ስለት ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጭንቅ ሰዓት የሚሳል ሰው ከአቅሙ በላይ ይሳላል፣ ኋላ ስለቱ ራሱ ሌላ ዕዳ ይሆንበታል። መጽሐፈ መክብብ ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል። ከተሳሉም ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጃንጥላ፣ ማለትም አሁን ባለዎት ገቢ የሚፈጸም ይሁን።

ለእግዚአብሔር ቀን አይቁረጡለት። የሕዝቅያስ መልስ በዚያው ሌሊት መጣ፤ ጳውሎስ ግን ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሣለትም፣ የተሰጠው የሚሸከምበት ጸጋ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያውጡት። ያለቀውን ይሰርዙ፣ ወገን የቀየረውን ያዛውሩ፤ ማመልከቻው ከገባ ውሳኔው ከእንግዲህ የእርስዎ አይደለም፣ የቀጠሮው ቀን ከደረሰ መቅረቡ የእርስዎ ነው። ወረቀቱ ስርዝ ድልዝ ሲበዛበት በአዲስ ይገልብጡት፣ አሮጌውን ግን ቀን ጽፈውበት መዝሙረ ዳዊቱ ውስጥ ያስቀምጡት።