ምሳ ሲደርስ የሚደክመው ገጽ፦ ሰብስክሪፕሽን እንዴት ይዘጋል?

ባለፈው ጥምቀት ሰሞን ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ሆቴል የክፍሎችን ሁኔታ የሚያሳይ ገጽ ሠርቼ ነበር። ጠዋት ፈጣን ነው። ከሰዓት ኮምፒውተሩ ማቃሰት ይጀምራል። እንግዳ ተቀባይዋ «ኧረ ወንድሜ፣ ይሄ ነገርህ ምሳ ሲደርስ ይደክመዋል» አለችኝ። በኮምፒውተሩ እርጅና አሳበብኩ። ጥፋቱ ግን የኔው ነበር።

እያንዳንዱ ክፍል አንድ ካርድ አለው፤ ካርዱ ዌብ ኮምፖነንት (በራሳችን የሠራነው የኤችቲኤምኤል ታግ) ነው። ገጹ ላይ ሲወጣ የአርኤክስጄኤስ (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ነው) የመረጃ ፍሰትን ሰብስክራይብ ያደርጋል፤ አዲስ መረጃ በመጣ ቁጥር እንዲደርሰው ይመዘገባል ማለት ነው። ምዝገባው ሰብስክሪፕሽን ይባላል። ፎቅ ሲቀየር ካርዱ ከገጹ ይነሳል፤ ሰብስክሪፕሽኑ ግን ይቀራል። ፍሰቱ ፈንክሽኑን ይዟል፣ ፈንክሽኑ ካርዱን ይዟል። ስለዚህ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማያስፈልገውን ከሜሞሪ የሚጠርገው) አይነካውም። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ከፍቶ መርሳትን የጎንደር ሰው ያውቀዋል፤ ትዝ የሚለው ሌሊት መጥቶ ቤቱን ሲያጥለቀልቅ ነው።

መጀመሪያ በሽታውን እዩት። ክሮም ላይ ዴቭቱልስን (የብሮውዘሩን የገንቢ መሣሪያ) ክፈቱ፣ ሜሞሪ ውስጥ ሂፕ ስናፕሾት (ሜሞሪው ውስጥ ያለውን የሚያሳይ ቅጂ) አንሱ። ፎቁን አሥር ጊዜ ቀያይሩና ድገሙ። ማጣሪያው ላይ «ዲታችድ» (Detached፣ ከገጹ ተነስቶ ሜሞሪ ውስጥ የቀረ) ብላችሁ ፈልጉ። በአንድ ፎቅ 12 ካርድ ነው ያለኝ፤ 120 የተነሱ ካርዶች ተኮልኩለው አገኘሁ።

ቀጥሎ ሰብስክራይብ የሚለውን ከኮንስትራክተር (ካርዱ ሲፈጠር ከሚሠራው ፈንክሽን) አውጡና ኮኔክትድ ኮልባክ (ካርዱ ገጹ ላይ ሲወጣ የሚጠራው) ውስጥ አስገቡት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኮንስትራክተር የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ካርዱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ስታዛውሩት ግን መጀመሪያ ዲስኮኔክትድ (ከገጹ ሲነሳ የሚጠራው)፣ ወዲያው ኮኔክትድ ይጠራል። ኮንስትራክተር ውስጥ ከፍታችሁ ዲስኮኔክትድ ላይ ከዘጋችሁ፣ የተዛወረው ካርድ መረጃ ሳይደርሰው ደንቆሮ ሆኖ ይቀራል።

ሰብስክራይብ የሚመልሰውን ነገር ቫሪያብል ውስጥ ያዙ፤ ዲስኮኔክትድ ኮልባክ ውስጥ አንሰብስክራይብ በሉት። ብዙ ከሆኑ አንድ እናት ሰብስክሪፕሽን ፍጠሩና ሌሎቹን በአድ ጨምሩባት፤ እሷን ስትዘጉ ሁሉም ይዘጋል። ሊት (የዌብ ኮምፖነንት መሥሪያ ላይብረሪ) የምትጠቀሙ ከሆነ የሱፐርን (የወላጅ ክላሱን) ኮልባክ መጥራት አትርሱ። ቴክ አንቲልን (ምልክት ሲመጣ ፍሰቱን የሚያቆመውን የአርኤክስጄኤስ ኦፕሬተር) የምትመርጡ ደግሞ ከፓይፑ (ከኦፕሬተሮቹ ሰንሰለት) መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ከሱ በኋላ ስዊች ማፕ (በውስጡ ሌላ ፍሰት የሚከፍት ኦፕሬተር) ካለ የውስጡ ፍሰት ሊያመልጣችሁ ይችላል። አንጉላር (የዌብ ፍሬምወርክ) ላይ ከሆናችሁ ቴምፕሌት ውስጥ የሚጻፈው አሲንክ ፓይፕ ራሱ ይዘጋላችኋል።

ዊንዶው ላይ የተሰቀለ ኢቨንት ሊስነርም (እንደ ክሊክ ያለ ክስተት የሚጠብቅ ፈንክሽን) ያው ነው። ለሁሉም አንድ የአቦርት ኮንትሮለር (ማቋረጫ) ሲግናል ስጡ፣ ካርዱ ሲነሳ አቦርት በሉ። አንዴ አቦርት የተባለ ግን ተመልሶ አይሠራም፤ ኮኔክትድ ላይ ሁሌ አዲስ ፍጠሩ። ሴት ኢንተርቫልም (በየጊዜው የሚደጋገም ቆጣሪ) ክሊር ይደረግ።

አሁን ስናፕሾቱን ድገሙት። እኔ ይህን ሁሉ አድርጌ አንድ ካርድ አልጠፋ አለኝ። ግማሽ ቀን ኮዱን ሳገላብጥ ዋልኩ። ለካ በኮንሶል ሎግ አሳትሜው፣ ዴቭቱልሱ ራሱ ነበር ይዞ የተቀመጠው።