ከኪሳራ በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ሥራ ሲከስር መጀመሪያ የሚቀየረው ታፔላው ነው። ያከሰረው ምክንያት ግን ሳይመረመር ከባለቤቱ ጋር ወደ አዲሱ ሥራ ይሻገራል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች መነሻቸው ይኸው ነው።

ሁሉንም በቀን ማሳበብ

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገር ውስጥ ሲገባ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል ቱሪስት የሚያመላልሱ ጀልባዎች ሥራ ፈቱ። ያንን ማንም ባለ ጀልባ ሊያስቀረው አይችልም ነበር። የጥምቀት ሰሞን የገባን ገንዘብ ክረምት መኖሩን ረስቶ መጨረስ ግን የቀን ጥፋት አይደለም። ወረቀት ወስደው ለሁለት ይክፈሉት፤ በአንዱ በኩል ከአቅም በላይ የነበረውን፣ በሌላው በእጅዎ የነበረውን ይጻፉ። ሁለተኛው ወገን ባዶ ከቀረ፣ እንደ እኔ እምነት፣ ገና በደንብ አላሰቡበትም።

ከማይለወጥ ነገር ጋር መታገል

የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት መሬት ነው። ውሃ በተኛበት ላይ ጤፍ አይሆንም፤ ሜዳው በአብዛኛው የከብት ግጦሽ ነበር። በ1970ዎቹ ሩዝ ሲገባ ውሃው አልጎደለም፤ የተለወጠው ዘሩ ነው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ዛሬ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚያው ወረታ ላይ ነው፤ የፎገራ ሩዝም ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ በብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል። (ንጹህ ጤፍ ካልሆነ አልበላም የሚሉ አሉ፤ የጤፍን ዋጋ ሲጠይቁ ግን ዝም ይላሉ።)

ከተማ ውስጥም እንዲሁ ነው። በየዓመቱ 55 ቀን እንደሚቆይ እየታወቀ ዐቢይ ጾምን እንደ ድንገተኛ አደጋ የሚያየው ሥጋ ቤት ስንት ነው? በዚያ ሰሞን ጥሩ በያይነቱ የሚያወጣ እጅ ያላት ወጥ ሠሪ ካለችዎት የጎደለው ደንበኛ አይደለም።

ከሥራው ጋር ሙያውንም መጣል

ጀልባውን የሸጠ ሰው ሞተር መፍታትና መግጠሙን አልሸጠም። አስጎብኚ የነበረም ቋንቋውና ሰው የመያዝ ችሎታው አብሮት አለ። አዲስ መንገድ ሲፈልጉ ከዚህ ይነሱ፤ ከዜሮ እጀምራለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያለውን አልቆጠረም።

ጎረቤት የከፈተውን መክፈት

ባጃጅ ያዋጣል ሲባል ሁሉም ባጃጅ ይገዛል። ያዋጣ የነበረው ጥቂት በነበረ ጊዜ ነው።

የሞተን ሥራ በእቁብ ማቆየት

ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። እቁቡን ቀድሞ መውሰድ እርዳታ ይመስላል፤ ነገር ግን ሱቁ ከተዘጋም በኋላ በየሳምንቱ መጣሉ ይቀጥላል፤ ዋስ የሆነው ዘመድም አብሮ ይታመማል። ገንዘብ ከመጨመርዎ በፊት «ከዚህ ካለፈ እዘጋለሁ» የሚሉትን ልክ በቁጥር ይጻፉና ለባለቤትዎ ወይም ለወንድምዎ ያሳዩ።

መደበቅ

አፍሮ ከእድርና ከማኅበር የቀረ ሰው የሚቀጥለውን ሥራ ወሬ የት ይሰማል? አበዳሪም ቢኖር ስልክ ከማጥፋት ቀድሞ ቤቱ ሄዶ «በየወሩ ይህን ያህል ልክፈል» ማለት ይሻላል፤ ሽማግሌ ካስፈለገም ነገሩ ሳይካረር ነው የሚላከው።