ትልቅ ዝርያ ቡችላ ከቤት አርቢ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የስምንት ሳምንት ቡችላ የማያምር የለም። ችግሩ የትልልቅ ዝርያዎች ዋና ዋና በሽታዎች በዚያ ዕድሜ አለመታየታቸው ነው። ዳሌው በትክክል የማይገጥም ጀርመን ሸፐርድና ጤነኛው ወንድሙ እኩል ይሮጣሉ፣ እኩል ይዘላሉ፤ ልዩነቱ የሚወጣው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ቤተሰቡ ከውሻው ጋር ከተላመደ ወዲያ ነው። ስለዚህ መመርመር ያለበት ከቡችላው ይልቅ ወላጆቹ፣ ወረቀታቸውና ያደገበት ቤት ነው።

«ወላጆቹ ጤነኞች ናቸው» የሚለውን ቃል ብቻ ማመን

ብዙ ገዢ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አርቢው «ሐኪም አይቷቸዋል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ክትባትና ስለ አጠቃላይ ምርመራ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ጤንነት ግን አረማመድን በማየት አይረጋገጥም። ውሻው የሚያረጋጋ መድኃኒት ወይም ማደንዘዣ ተሰጥቶት፣ በጀርባው ተኝቶ፣ የኋላ እግሮቹ ተዘርግተው ኤክስሬይ ይነሳል፤ ከሽያጩ ምንም ጥቅም የሌላቸው ባለሙያዎችም ፊልሙን አይተው ደረጃ ይሰጡታል። የውሾችን የመገጣጠሚያ ኤክስሬይ ደረጃ በሚሰጠው የአሜሪካ ድርጅት፣ በኦኤፍኤ አሠራር የመጨረሻው ደረጃ የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው፤ ከዚያ በፊት የተነሳው ጊዜያዊ ውጤት ብቻ ነው። በዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኤፍሲአይ) አመዳደብ ደረጃው ከኤ እስከ ኢ ነው፦ ኤ ንጹሕ፣ ቢ ለንጹሕ የቀረበ ሲሆን ከሲ ጀምሮ ችግሩ አለ ማለት ነው። በእንግሊዝ ሁለቱ ዳሌዎች ተደምረው ከ0 እስከ 106 ነጥብ ይያዝላቸዋል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ክርንም ለብቻው ይታያል፦ 0 ጤነኛ፣ ከ1 እስከ 3 እየከፋ የሚሄድ።

ወረቀቱን እጅዎ ላይ ሲያገኙ መጀመሪያ የማይክሮቺፑን (ከውሻው ቆዳ ሥር የሚቀመጠውን መለያ) ቁጥር ያንብቡ። የቺፕ ማንበቢያ ካለ እናትየዋን አስነብበው ቁጥሩን ከኤክስሬይ ወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ፤ በአንድ ቤት ሦስትና አራት ተመሳሳይ ውሾች በሚኖሩበት ጊዜ ወረቀቱ የእህቷ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቀጥሎ ኤክስሬይ የተነሳችበትን ቀን ከተወለደችበት ቀን ጋር ያስተያዩ። የስምንት ወር ውሻ ፊልም ስለ አዋቂነቷ ብዙ አይናገርም።

«ሙሉ የዲኤንኤ ምርመራ አላቸው» የሚል መልስም ብዙዎችን ያዘናጋል። የዲኤንኤ ምርመራ ከአንድ ጂን ጋር ለተያያዙ በሽታዎች ጠቃሚ ነው፤ ለምሳሌ በጀርመን ሸፐርድ የኋላ እግርን ቀስ በቀስ ሽባ ለሚያደርገው የአከርካሪ ገመድ በሽታ የሚያጋልጠውን ጂን ያሳያል። የዳሌ ችግር ግን ከብዙ ጂኖችና ከአስተዳደግ ተደምሮ የሚመጣ ስለሆነ የዲኤንኤ ወረቀት ኤክስሬይን አይተካም። በዚሁ ምክንያት ንጹሕ ዳሌ ካላቸው ሁለት ወላጆችም የታመመ ቡችላ ሊወለድ ይችላል። አያቶቹ፣ የወላጆቹ እህትና ወንድሞች፣ ከቀደሙት ወሊዶች የተገኙት ቡችሎች ምን ውጤት እንዳላቸው ይጠይቁ። ጥሩ አርቢ ይህን በቃሉ ያውቀዋል፤ መጥፎ ውጤት የወጣበትንም ሳይደብቅ ይነግርዎታል።

ልብን አይርሱ። በዶበርማንና በግሬት ዴን የልብ ጡንቻ መድከም፣ በኒውፋውንድላንድና በጎልደን ሪትሪቨር ደግሞ ከልብ በሚወጣው ደም መንገድ ላይ የሚፈጠር ጥበት የታወቁ ናቸው። የልብ ጡንቻ መድከም ዘግይቶ የሚመጣ በመሆኑ ከሦስት ዓመት በፊት የተደረገ አልትራሳውንድ ዛሬን አይመሰክርም። ደረታቸው ጥልቅ በሆኑ ዝርያዎች ደግሞ ከቅርብ ዘመዶቹ መካከል በጨጓራ መነፋትና መዞር የሞተ እንዳለ ይጠይቁ፤ ይህ ችግር በቤተሰብ ይደጋገማል።

እናትየዋንና ቤቱን ሳያዩ መክፈል

አባትየው ሌላ ቦታ ቢኖር ችግር የለውም፤ አርቢው ለእናትየዋ የሚስማማውን ርቆ ሄዶ እንደመረጠ ሊያሳይ ይችላል። እናትየዋ ግን እዚያው መኖር አለባት። ካጠባች ብዙ ያልቆየች ውሻ ጡቷ የወረደ፣ ፀጉሯ የሳሳ፣ ሰውነቷም ትንሽ የከሳ ነው፤ ይህ ያለ ነገር ነው። የማያስደስተው እንግዳ ሲገባ ጥግ ይዛ የምትንቀጠቀጥ ወይም ባለቤቷ አጠገቧ ቆሞ እንኳ የማትረጋጋ እናት ናት፤ ፍርሃት በዘርም፣ ልጆቹ እሷን በማየትም ይተላለፋል። «ዛሬ ታማለች»፣ «መንገድ ላይ ተገናኝተን ቡችላውን ልስጥዎ» ከተባሉ ይተዉት።

ከዚያ ወለሉን ይመልከቱ። የሚያንሸራትት ንጣፍ ላይ የሚያድግ ከባድ ቡችላ እግሮቹ ወደ ጎን እየተከፈቱ ስለሚሸሹ ገና ያልጠነከረውን መገጣጠሚያ ይጫኑታል። በኖርዌይ በኒውፋውንድላንድ፣ በላብራዶር፣ በሌዎንበርገርና በአይሪሽ ዎልፍሃውንድ ላይ የተደረገ ጥናት ሦስት ወር ሳይሞላቸው በየቀኑ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቡችሎች ለዳሌ ችግር ይበልጥ እንደሚጋለጡ፣ ለስላሳ መሬት ላይ በነፃነት የሚንቀሳቀሱት ደግሞ የተሻለ ዕድል እንዳላቸው አሳይቷል። ስለዚህ የሚይዝ ምንጣፍና የሚወጡበት ሣር ያለው ቤት ይፈልጉ።

ከሁሉም የሚከብደውን መምረጥ

ድብልብል ያለው ቡችላ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን በትልቅ ዝርያ ላይ ፈጣን ዕድገትና ትርፍ ክብደት የመገጣጠሚያ ጠላቶች ናቸው። ጣትዎን ከጎኑ ሲያሳርፉ ሳይጫኑ የጎድን አጥንቱ ሊሰማዎት ይገባል። ሰውነቱ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ ከተነፋ ደግሞ ትል ይጠርጥሩ።

ከዝርያው መለኪያ በላይ ግዙፍ የሆነን መፈለግም ያው ስህተት ነው። የወንድ ጀርመን ሸፐርድ መለኪያ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው። «አባቱ 60 ኪሎ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ካለ፣ ያ አርቢ የመረጠው መጠንን እንጂ ጤናን አይደለም።

ከስምንት ሳምንት በፊት መውሰድ

ቡችላ የንክሻውን ኃይል መቆጣጠር የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው፦ ጠንክሮ ሲነክስ ሌላው ይጮህና ጨዋታው ይቆማል። በአምስት ሳምንቱ የተወሰደ ይህን ትምህርት አይጨርስም፤ ያ አፍ ነገ የ45 ኪሎ ውሻ አፍ ይሆናል። ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ያለው ጊዜ ዓለምን የሚላመድበት በመሆኑ፣ ስንት እንግዳ እንዳቀፋቸው፣ የመኪናና የቤት ዕቃ ድምፅ ለምደው እንደሆነ አርቢውን ይጠይቁ።

«ክትባቱን ጨርሷል» ሲባል መቀበል

የስምንት ሳምንት ቡችላ ክትባት ሊጨርስ አይችልም። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ እስኪጠፋ ድረስ ክትባቱ በሙሉ ኃይሉ ላይሠራ ስለሚችል ከ6–8 ሳምንት ተጀምሮ በየ2–4 ሳምንቱ፣ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይደገማል። በመሃል ያልተከተቡ ውሾች የሚመላለሱበት ቦታ ከወሰዱት ፓርቮ የተባለው ገዳይ የአንጀት ቫይረስ ሊይዘው ይችላል። በካርዱ ላይ የክትባቱ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ ቀንና የሐኪሙ ፊርማ ይኑር። የትል መድኃኒት ደግሞ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፤ ትሉ በማህፀንና በጡት ወተት ስለሚተላለፍ የቤቱ ንጽሕና ብቻውን አያስጥልም።

ውሉን ሳያነቡ ቀብድ መስጠት

የዳሌ ዋስትናውን አንቀጽ በደንብ ያንብቡ። ብዙ ውል «ምትክ ቡችላ እንሰጣለን» ይላል፤ ግን የታመመውን እንዲመልሱ ይጠይቃል። ሁለት ዓመት አብሮ የኖረን ውሻ የሚመልስ ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ ዋስትናው በተግባር ባዶ ይሆናል። ሳይመልሱ ከዋጋው ከፊሉ የሚከፈልበትን ይጠይቁ። በወሰዱት በሦስት ቀን ውስጥ በራስዎ ሐኪም አስመርምረው መመለስ የሚያስችልዎ አንቀጽም ይኑር። ማስኮላሸትን በተመለከተ በስድስት ወሩ እንዲደረግ የሚያስገድድ ውል ካጋጠመዎት ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት፤ በላብራዶር፣ በጎልደን ሪትሪቨርና በጀርመን ሸፐርድ ዓመት ሳይሞላ ማስኮላሸት ከመገጣጠሚያ ችግር መጨመር ጋር ተያይዞ ታይቷል።

ሁለት ወንድማማች አንድ ላይ መውሰድ

እርስ በርስ ይጣበቁና ሰውን መስማት ይዘገያሉ። ይህን የሚያበረታታ አርቢ ይጠርጠር።

ቤት ሲገባ ካልሲየም መጨመር

«አጥንቱ እንዲጠነክር» ተብሎ የሚሰጥ ካልሲየም በትልቅ ዝርያ ቡችላ ላይ ተቃራኒውን ያመጣል። ከስድስት ወር በታች ያለ ቡችላ አንጀቱ የሚያስገባውን ካልሲየም በበቂ አይገድብም፤ የተሰጠው በብዛት ወደ ደም ይገባና የአጥንቱን ዕድገት ያዛባል። ለትልቅ ዝርያ ቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ይስጡ፤ የካልሲየሙ መጠን በደረቅ ይዘቱ (ውሃው ሳይቆጠር) ከ1.8 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ሌላ ምንም አይጨምሩበት። አርቢው ሲመግበው የነበረውን ለመጀመሪያው ሳምንት ይቀጥሉና ከዚያ በ7–10 ቀን ቀስ በቀስ እየቀላቀሉ ይለውጡ። በየሁለት ሳምንቱ ይመዝኑት፤ የጎድን አጥንቱ ከጣትዎ እየራቀ ከመጣ የምግቡን መጠን በትንሹ ይቀንሱ።