ሲሉዌት ፎቶ በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ሰውን በቅርጹ ብቻ ማሳየት

ሲሉዌት ሰው ከብርሃን ፊት ቆሞ ጥቁር ቅርጹ ብቻ የሚታይበት ፎቶ ነው፤ እዚህ ላይ ሰውየውን የሚያሳውቀው የገጽታው ጠርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ካሜራ ከመነካቱ በፊት ከሰውየው ጀርባ ያለውን እዩ። እንጦጦ ባሕር ዛፍ መሃል የቆመ ሰው ጭንቅላቱ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ይወጣል፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸውና። ገላጣ ጉብታ ፈልጉ፤ ሱሉልታ ሜዳም ይሆናል። ሰውየውን ከፍታው ላይ አቁሙት፣ እናንተ ተንበርከኩ፤ ከደረቱ በላይ በሙሉ ሰማይ ላይ ይረፍ። የመብራት ሽቦ አንገቱን ካቋረጠ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ይበቃል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። ጀንበር 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከከተማው በስተምዕራብ ግን ወጨጫ ተራራ ስላለ ቀደም ብላ ልትሰወርባችሁ ትችላለች። 11 ሰዓት ላይ ድረሱ። ከጠለቀች በኋላ ያለው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

ፊቱ ሙሉ በሙሉ በጎን ይሁን። ትንሽ እንኳ ወደ እናንተ ከዞረ አፍንጫው ጉንጩ ውስጥ ይጠፋል። ከንፈሮቹ በጥቂቱ ይከፈቱ፣ አገጩም ቀና ይበል። ክንዱ ከወገቡ ይራቅ፣ በመሃል ሰማይ እንዲታይ። ጋቢ አንገትን ይውጣል፤ ነጠላ ግን ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፣ እጥፋቱና ጥለቱ ብቻ ጠቆር ብለው መስመር ይሠራሉ። ከሁሉም የምንመርጠው ይህንን ነው። አፍሮ ከሆነ ፀሐይዋን ከጭንቅላቱ ጀርባ ደብቋት፣ የፀጉሩ ዳር ወርቃማ ይሆናል።

ካሜራውን ማኑዋል (በእጅ ማስተካከያ) ላይ አድርጉ፦ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/250 ሰከንድ። ብርሃኑን የምትለኩት ከሰውየው ሳይሆን ከፀሐይዋ ጎን ካለው ሰማይ ነው። ፊቱ አሁንም ከታየ ወደ 1/500 ሂዱ፤ ሲመሽ ወደ 1/60 ውረዱ። አውቶ ፎከስ (ካሜራው በራሱ ምስል የሚያጠራበት) ጥቁር ፊት ላይ ይዋልላል፤ አፍንጫው ከሰማዩ የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ያዙና ፎከሱን ወደ ማኑዋል ቀይሩት። በካሜራው የመስታወት መመልከቻ ፀሐይን አትዩ፣ ዓይን ይጎዳል፤ በስክሪኑ ተጠቀሙ።

በስልክ ከሆነ ሰማዩን እስኪቆለፍ ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ የብርሃን ምልክቱን ወደ ታች ጎትቱ። ፍላሽና ኤችዲአር ይጥፉ። ኤችዲአር ሥራው ጨለማውን ማብራት ስለሆነ ፊቱን ግራጫ ያደርገዋል።

ጥቁሩ ካልጠቆረ ስናፕሲድ በተባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ የጥላ (Shadows) መቆጣጠሪያውን ወደ ታች አውርዱ፣ ጥቁሩ እንዲጨልም። ሰማዩን ግን ብዙ አትነካኩ፤ ቀለሙ ሲጋነን በጭንቅላቱ ዙሪያ ነጭ መስመር ይወጣና ጠርዙን ያበላሻል።