ለመጀመሪያ ጊዜ ቻይና ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ዕቃ ልታመጡ ጓንዡ ወይም ኢዉ ልትሄዱ ነው? ወይስ ለትምህርት? ለምንም ይሁን፣ ከመነሳታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ሰው ቻይና ደርሶ የሚቸገርባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊጨርሳቸው ይችል የነበሩ ናቸው። እዚያ ከወረዱ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው፣ አንዳንዱማ ጭራሽ አይቻልም።

ትልቁ ስህተት ስልክን ሳያዘጋጁ መሄድ ነው። ጎግል፣ ዋትሳፕ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ሁሉም እዚያ ዝግ ናቸው። ሆቴል ገብታችሁ በዋይፋዩ ለእናታችሁ ቴሌግራም ላይ «ደርሻለሁ» ብትሏት አይሄድም፣ እሷ ደግሞ እዚህ ስልኳን እያየች ስትጨነቅ ታድራለች። ስለዚህ ዊቻት የሚባለውን የቻይናዎች የመልእክትና የመደዋወያ መተግበሪያ አሁኑኑ አውርዱ። ቤት ከሚቀሩት ለአንዱም ጫኑለትና እዚሁ ሆናችሁ ተደዋውላችሁ ሞክሩት። ዊቻት አካውንት ስትከፍቱ አንዳንዴ ነባር ተጠቃሚ ኮዱን ስካን አድርጎ እንዲያረጋግጥላችሁ ይጠይቃል፤ ከቻይና ዕቃ የሚያመጣ የምታውቁት ነጋዴ ካለ እሱን አስቸግሩት። የተዘጉትን የሚያስከፍተውን ቪፒኤን እዚያ ደርሼ አወርዳለሁ አትበሉ፣ ጎግል ፕሌይ ራሱ አይከፈትላችሁም። በውጭ ሲም ሮሚንግ ወይም ለተጓዥ በሚሸጥ ኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልክ ላይ የሚጫን ሲም) ከገባችሁ ግን ኢንተርኔቱ በሌላ አገር ኔትወርክ ስለሚያልፍ የለመዳችኋቸው መተግበሪያዎች ይሠራሉ።

ቀጥሎ ብር። ዶላር ይዤ እሄዳለሁ፣ እዚያ መንዝሬ እከፍላለሁ የሚል ሰው ብዙ ነው። ዩዋን በወረቀት መያዝ ክፉ አይደለም፣ ትንሽ ያዙ። ግን ቻይና ውስጥ ሰው የሚከፍለው በስልክ ነው። ጋሪ ላይ የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ እንኳ በስልክ ስካን ተደርጎ የሚከፈልበትን ኮዷን አትማ ጋሪው ላይ ለጥፋዋለች። 100 ዩዋን ብትሰጧት መልስ ላይኖራት ይችላል። ዋናዎቹ የመክፈያ መተግበሪያዎች፣ አሊፔይና ዊቻት ፔይ፣ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ይቀበላሉ። በአንድ ጊዜ ከ200 ዩዋን በታች ስትከፍሉ ተጨማሪ ክፍያ የለም፣ ከዚያ ካለፈ 3 በመቶ ይቆርጣሉ። ካርዱን የምታያይዙት ግን አዲስ አበባ እያላችሁ ነው። ለምን ብትሉ፣ ሲያያዝ የማረጋገጫ ቁጥር በኤስኤምኤስ የሚመጣው ባንኩ ጋ ወደተመዘገበው የኢትዮጵያ ስልካችሁ ነው። ያንን ሲም ቤት ጥላችሁ ከሄዳችሁ ወይም ሮሚንግ ካላስከፈታችሁ፣ ገንዘቡ ካርዱ ላይ ተቀምጦ እናንተ ለምሳ መክፈል ያቅታችኋል። ጥሬ ገንዘብ በብዛት ለምትይዙ ደግሞ፣ ከ5,000 ዶላር በላይ ከሆነ ስትገቡ ጉምሩክ ላይ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ሻንጣው። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የሰው ዕቃ አትያዙ። ጎረቤት ይሁን፣ የሥራ ባልደረባ ይሁን፣ አብሮ አደግ ጓደኛ ይሁን፣ «ይቺን ለልጄ አድርሺልኝ» ብሎ የታሸገ ነገር ቢሰጣችሁ ይቅርታ ጠይቃችሁ መልሱ። ይሉኝታችን እዚህ ላይ ያስከፍለናል። በቻይና ሕግ 50 ግራም ሄሮይን ወይም ሜታምፌታሚን ማስገባት ከ15 ዓመት እስራት ጀምሮ እስከ ሞት ያስቀጣል። 50 ግራም ማለት የጫማ ሶል ውስጥ የሚደበቅ ነው። ሻንጣው በእናንተ ስም ተመዝግቦ «የኔ አይደለም፣ አላወቅኩም» ማለት ማንንም በቀላሉ አያሳምንም። በዚሁ ጉዳይ ቻይና የታሰሩ የኛ ልጆች አሉ፣ ቤተሰቦቻቸውም ምን እንደደረሰባቸው አይተናል። እምቢ ስላላችሁት የሚቀየማችሁ ሰው ካለ ይቀየም።

ጫትም እንደዚያው ነው። እዚህ በየመንደሩ ስለሚሸጥ ብዙ ሰው እንደ ወንጀል አያስበውም። ቻይና ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከተከለከሉ አደንዛዥ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች። የደረቀም ቢሆን፣ ለራሴ ነው ብትሉም ያው ነው። ቋንጣና ንጥር ቅቤም አይገቡም፣ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስንቅ ካስፈለገ ዳቦ ቆሎ ይበቃል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ደግሞ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ ያዙት፣ ከኛ አገር ለሚገባ ሰው ይጠየቃል። እዚያ በአገር ውስጥ በረራ ከከተማ ከተማ ልትሄዱ ካሰባችሁ ፓወር ባንካችሁ 3ሲ የሚባለውን የቻይና የደህንነት ማረጋገጫ ምልክት መያዙን እዩ። እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 መጨረሻ ወዲህ ምልክቱ የሌለውን አያስገቡም።

ቀንና ሰዓት ማምታታት ሌላው ነው። ቲኬቱ ላይ ኦክቶበር 15፣ 00፡30 ይላል እንበል። በኛ ለጥቅምት 5 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡30 ማለት ነው። ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ጥቅምት 4 ማታ ነው፣ በ5 ማታ ሻንጣ እየጎተታችሁ ብትደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን አልፎታል። የጉዞ ወቅትም አስቡ። ቻይናዎች አዲስ ዓመታቸውን የሚያከብሩት በኛ አቆጣጠር ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል። ያኔ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሠራተኛው አገር ቤት ይገባል፣ ባቡሩ ይሞላል። ከመስከረም 21 ጀምሮም አንድ ሳምንት ገደማ በዓል ነው። ሚያዝያና ጥቅምት ላይ ደግሞ የካንቶን የንግድ ትርኢት ስላለ ጓንዡ ውስጥ የሆቴል ዋጋ ይንራል። ትርኢቱን የማትፈልጉት ከሆነ ሌላ ጊዜ ሂዱ።

የሆቴሉን አድራሻ በእንግሊዝኛ ብቻ ይዞ መሄድ፦ አብዛኛው ታክሲ ነጂ አያነበውም። በቻይንኛ የተጻፈውን ስክሪንሾት አንስታችሁ ያዙ፣ ከሆቴሉ ስትወጡም ካርዳቸውን ኪሳችሁ ክተቱ።

ምግብ ላይ ያለው ስህተት «አትክልት ነው» ብሎ ማመን ነው። የጎመን ጥብስ ውስጥ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ሊገባ፣ ወይም በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። ለሙስሊሙም ለጾመኛውም ቀላል ነገር አይደለም። «አሳማ አልበላም፣ ስቡንም ጭምር» የሚል በቻይንኛ አስጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የላንዡ ኑድል የሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች በየከተማው አሉ፣ ብዙዎቹን የሚሠሩት ሙስሊሞች ናቸውና በር ላይ የሃላል ጽሑፉን ታያላችሁ። ለጾመኛ ደግሞ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች አካባቢ ሥጋ የማይገባባቸው ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። የቧንቧ ውኃ አትጠጡ። ሶፍት ከቦርሳችሁ አይጥፋ፣ የሕዝብ ሽንት ቤቶች ብዙ ጊዜ የላቸውም።

ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት የምታርፉ ከሆነ ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብን አትርሱ። ሆቴል ራሱ ይመዘግባችኋል፣ መኖሪያ ቤት ከሆነ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ከአከራያችሁ ወይም ከጓደኛችሁ ጋር ሄዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ካልሆነ እስከ 2,000 ዩዋን ያስቀጣል። ፓስፖርቱንም ሆቴል ትታችሁ አትውጡ፣ ሁልጊዜ መያዝ ሕጉ ያዛል።

በመጨረሻ ቪዛውን በደንብ አንብቡት። ላዩ ላይ ያለው የማብቂያ ቀን እስከዚያ ድረስ ግቡ ማለት ነው እንጂ እስከዚያ ተቀመጡ ማለት አይደለም። የምትቆዩበት የቀን ብዛት ለብቻው ተጽፏል። 30 ካለ 30 ነው። ካለፈ በየቀኑ 500 ዩዋን ይቆጠራል፣ እስከ 10,000 ይደርሳል፣ መታሰርም አለ። ዕቃችሁ ከፋብሪካ ዘግይቶ መቆየት ግድ ከሆነባችሁ፣ ቀኑ ሊያልቅ ቢያንስ 7 ቀን ሲቀረው ያላችሁበት ከተማ የፖሊስ የመውጫና መግቢያ ቢሮ ሄዳችሁ ማራዘሚያ ጠይቁ።